ገና በሃያ ስምንት

ላንጋኖ ደርሰው የመጡ ሰዎች የሚያወሩት ስለ ዋናው፣ ስለ አሸዋውና ስለ ፀሐይዋ መጥለቂያ ነው። እኔም ላንጋኖ ሄጃለሁ፤ ውኃው ውስጥ ግን እግሬን እንኳ አልነከርኩም። እኛ የሄድነው ዶሮ ወጥ ልንበላ ነው። ዶሮውንም፣ ቁሌቱንም፣ እንጀራውንም ከናዝሬት ተሸክመን ነው የሄድነው። ሰው ይህን ስነግረው ይስቃል። ይሳቅ። ያኔ በደርግ ጊዜ በጆሮ ብቻ ነበር የማወራው፤ ዛሬ ጆሮ ጠቢ ስለሌለብኝ፣ ላንጋኖን አይታችሁ ለማታውቁና ለማየትም ለማታስቡ ጎረቤቶቼ ስል እንደ ቀኑ ቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

እኛ ማለት እናቴና እኔ ነን። እናቴ ወይዘሮ ዘነቡ ትባላለች፤ ያን ጊዜ ፀጉሯ ጥጥ መስሎ ነበር፣ ምላሷ ግን እንደ ጎረምሳ። እኔ በላይነሽ ናዝሬት ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ግርማ ላንጋኖ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ምግብ አብሳይ ነበር። ከእሱ በታች ደግሞ ሰለሞን ነበረን። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በዚያ በአሰሳው ወራት፣ በገና ጠዋት ማዕድ ላይ ተቀምጠን ሳለ ጠብመንጃ የያዙ ሰዎች ገቡና ሰለሞንን «ተነሥ!» አሉት። ጉርሻው ገና እጁ ላይ ነበር። ተነሣ። እጁን እንኳ አላስታጠቡትም። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን አላየነውም።

እናቴ አልቅሳ አልቅሳ ሲበቃት አንድ ደንብ አወጣች። «ከእንግዲህ በገና ቀን ልጆቼን ከማዕዴ የሚያስነሣ ከእኔ ጋር ይተያያል። እናንተም ሁለታችሁ ከፊቴ ሳትቀመጡ ጾሜን አልፈታም» አለች። እናቴ አልፈታም ካለች አትፈታም። በየዓመቱ ግርማ ፈቃድ እየለመነ ይመጣ ነበር፤ እኛም ሳንጓደል እንፈታ ነበር።

ታኅሣሥ ሃያ አምስት

ማታ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቤታችን መጣና ቆሞ የግርማን መልእክት ነገረን። ሆቴሉን ሴሚናር ይዞታል፤ ካድሬዎች ከየቦታው መጥተው የንቃት ትምህርት ይማራሉ። ለሠራተኛው የበዓል ፈቃድ የተሰጠው ለሃያ ዘጠኝ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስረዳ። ገና በሃያ ዘጠኝ መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል። በየአራት ዓመቱ ግን ጳጉሜ ስድስት ትሆንና በማግስቱ ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ ገና በሃያ ስምንት ይውላል። ይህንንም ሠፈራችን ውስጥ ጠላ የምትጠምቅ ሴት ሁሉ ሳትማር ታውቀዋለች። ያ ዓመት ደግሞ ዮሐንስ ነበር።

«ሃያ ዘጠኝ?» አለች እናቴ። «ሃያ ዘጠኝማ የገና ማግስት ነው። ማነው እንዲህ ያለው?»

«መርሐ ግብሩ ላይ እንዲያ ተጽፏል እማማ» አለ ሾፌሩ።

«ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ፣ ተሳስታችኋል የሚል ጠፋ?»

ሾፌሩ ወደ በሩ ገልመጥ አለ። «ማን ይበል እማማ? በዚያ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ‹ገና በሃያ ስምንት ነው› የሚል ማነው? አንገቱን የጠላ ካልሆነ።»

እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋችና «ቀን መቁጠር የማያውቅ ሰው ልጄን አይከለክለኝም። ልጄ ወደ ገና ካልመጣ ገናን እወስድለታለሁ» አለች። እኔ ነገሩ በእንቅልፍ ይበርዳል ብዬ ነበር። ሌሊቱን ሽንኩርት ስትከትፍ ሰማኋት።

ታኅሣሥ ሃያ ስድስት

ያን ጊዜ ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ ወረቀት ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ ወረቀቱን የሚያወጣው በለቅሶ ነበር፤ አክስቴ ሞተች፣ አጎቴ ታመመ ይላል። የቀበሌያችን ሰዎች አክስቶች ስንት ጊዜ እንደሞቱ እግዜር ይቁጠረው። እኔም በመንገድ ላይ «ግርማ ታሟል እንበል» ብዬ ለምኛት ነበር።

ሊቀመንበሩ «ለምን ጉዳይ ነው እማማ ዘነቡ?» ሲላት «ለገና» አለችው።

«እንደሱ ብዬማ አልጽፍም። የታመመ ዘመድ የለዎትም?»

«ልጄ ጤነኛ ነው፤ እግዜር ይመስገን። በገና ሰሞን ላሟርትበት? ጻፍ አልኩህ። ለገና።»

ሊቀመንበሩ ብዙ ተቁነጠነጠ። በልጅነቱ ከግርማ ጋር ጨርቅ ኳስ እየተራገጠ ያደገ ልጅ ነው፤ እናቴም ብዙ ጊዜ አብልታዋለች። በመጨረሻ «ለቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታ።

ጭነታችን ይህ ነበር፤ በጨርቅ የታሰረ አንድ ድስት ቁሌት፣ በጠርሙስ ቅቤ፣ በጭድ የተጠቀለለ ዕንቁላል፣ በአገልግል እንጀራ፣ እግሩ የታሰረ ቀይ አውራ ዶሮ። ቁሌቱን የሠራችው ሳትቀምስ ነው፤ የጾም ጊዜ ስለሆነ ጨውን የምትለካው በአፍንጫዋ ነበር። ሳይቀመስ የተሠራ የእናቴ ቁሌት ደግሞ ተቀምሶ ከተሠራው የእኔ ቁሌት ይበልጣል፤ ይህን በሕይወቷ ሳለች አልነገርኳትም እንጂ እውነት ነው።

ሞጆ ላይ አውቶቡስ ቀየርን። የዝዋዩ አውቶቡስ ከናዝሬቱ ያረጀ ነበር፤ ወንበሩ ሽቦ ብቻ ቀርቶታል። ቆቃን ስናልፍ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ዘለለና ዕንቁላሉ አጠገባችን በተቀመጠ መምህር ጭን ላይ ፈሰሰ። ሰውዬው ሱሪውን አይቶ «ጾም ላይ ነኝ እኮ እማማ» አለ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገችለት «ምን ታደርገዋለህ፣ ሱሪህ ቀድሞህ ፈታ» አለችው።

ዓለም ጤና ሳንደርስ ሞተሩ ፈላና አውቶቡሱ ቆመ። ሾፌሩ ከሥሩ ገብቶ ወጣና «እስከ ነገ አይነሣም» አለ። እያንዳንዱ ዕቃውን እየያዘ ተበተነ። እኔ ድስቱን ተሸክሜ፣ እናቴ ዶሮውን ታቅፋ፣ በሽንኩርት ማሳው ዳር ዳር ወደ ከተማዋ አዘገምን። የዓለም ጤና ፀሐይ ከናዝሬቷ አትሻልም፤ ናዝሬት ግን ቢያንስ ነፋስ አላት፣ አቧራም ቢሆን ይዞ ይመጣል። እዚያ ቅጠል አይንቀሳቀስም።

መንገዱ ዳር ካለ ቤት አንዲት ሴት ወጣች። ወይዘሮ ፋጡማ እንደምትባል ኋላ ነው ያወቅነው።

«አካም ጅርቱ፣ ሀዳ? ግቡ ግቡ! ይሄ ዶሮ ደክሞታል፤ እናንተም ደክሟችኋል» አለች።

እናቴ፣ ሀዳ ማለት እናት መሆኑን ታውቃለችና፣ በኦሮምኛ መለሰችላት፤ ከገበያ የለመደችው ነው፣ ከሰላምታ አያልፍም። ገባን። ውኃ ጠጣን። ወይዘሮ ፋጡማ የጾም ወቅት መሆኑን አውቃ ኖሮ ጉድ ጉድ ማለት ጀመረች፤ ከዚያ በድንገት ወጥታ ሄደች። ቆይታ ስትመለስ ድስት ይዛ ነው። እናቴ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«የእኛ ድስት ሥጋ ነክቶታል። ጾመኛ በሱ አይበላም አይደል? ከክርስቲያን ጎረቤቴ ተዋስኩ» አለች።

እናቴ አፏን ይዛ ቀረች። ናዝሬት አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን፣ ልብስ ያሰጣንበትን ገመድ የሚቆርጡ ክርስቲያን ጎረቤቶች ነበሩን። የማታውቀን የእስላም ሴት ጾማችን እንዳይረክስ ድስት ፍለጋ ቤት ለቤት ዞረች። ምስር በሽንኩርት ሠራችልን። እንደዚያ ያለ ምስር ከዚያ ወዲህ አልበላሁም፤ ርሃቡ ነው ብትሉኝም አልቀበልም።

ከምግብ በኋላ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀችን፣ እናቴም ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረቻት። ወይዘሮ ፋጡማ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ሰማች። የእሷም ልጅ ሰሜን ጦር ሜዳ ነበር። ከሄደ በኋላ ስንት ዒድ እንዳለፈ አላስታወሰችም፤ የሚያስታውሰው ባሏ ኦቦ ሁሴን ነው፣ እሱም መናገር አልፈለገም።

«ሀዳ፣ አንቺ ልጅሽ የት እንዳለ ታውቂያለሽ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ባውቅ በእግሬም እሄድ ነበር። ሂጂ፤ እንዳትመለሺ።»

እስከዚያ ሰዓት ድረስ እኔ በልቤ የመመለሻውን ሰበብ እየፈለግሁ ነበር። አውቶቡሱ ሲበላሽ ደስ ብሎኝም ነበር፤ እፈራ ነበርና። ከዚያች ሴት ቤት በኋላ ግን ስለ መመለስ አላሰብኩም።

ታኅሣሥ ሃያ ሰባት

እዚያው አደርን። ጠዋት የዶሮው ማሰሪያ ላልቶ ኖሮ ዶሮው ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ገባ። እኔ ሮጥኩ፣ ሽንኩርት የሚነቅሉት ሴቶች ሮጡ፣ ኦቦ ሁሴን ጫማውን አውልቆ ሮጠ። ናዝሬት ቢሆን ዶሮውን የያዘ ዶሮው የእሱ ነበር። ኦቦ ሁሴን ይዞ አምጥቶ አዲስ ገመድ አሰረበትና «ይህ ዶሮ ላንጋኖን ማየት አልፈለገም» አለን። ከዚያ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ሻሸመኔ የሚሄድ ኤንትሬ የጭነት መኪና አስቆመልን። ለሾፌሩ ምን እንዳለው አላውቅም፤ ሾፌሩ ረዳቱን ጭነቱ ላይ አውጥቶ ለእኛ ጋቢናውን ለቀቀልን። ወይዘሮ ፋጡማም አንድ ፌስታል ሽንኩርት በመስኮት አቀበለችን። ሽንኩርት እንዳለን ብንነግራትም አልሰማችም።

መቂን አለፍን። ዝዋይ ላይ ሾፌሩ ለምሳ ቆመና ዓሣ አዘዘ። ለእኛም ሊያዝልን ፈለገ።

«ጾም ላይ ነን» አለች እናቴ።

«ዓሣ እኮ የጾም ነው እማማ። እዚህ አገር ሁሉም ይበላል።»

«ዓይን ያለው ነገር አልበላም።»

«ድንችም ዓይን አለው ይባላል።»

«እንግዲያው ድንቹንም ተውኩት» አለችና ዳቦ በሻይ በላች። ሾፌሩ ዓሣውን አፍሮ ጎን ዞሮ በላው። እኔን የዓሣው ሽታ ክፉኛ ፈትኖኝ ነበር።

ከቡልቡላ ወዲያ አገሩ ግራርና አቧራ ብቻ ነው። ሾፌሩ መገንጠያው ላይ አወረደን፣ ከዚያ በአህያ ጋሪ ሄድን። የናዝሬት የፈረስ ጋሪ ከዚያ ጋር ሲተያይ አውሮፕላን ነው። አህያዋ በፈለገችበት ትቆማለች፤ ባለጋሪው ይለምናታል እንጂ አይመታትም። ሐይቁ ከሩቅ ሲታየን እናቴ «ይኸ ነው ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጣለት?» አለች። የላንጋኖ ውኃ ቀለሙ የጠላ አተላ ነው። እውነቴን ነው። የሚያምረው ማታ ማታ፣ ፀሐይዋ ስታርፍበት ብቻ ነው፤ ያኔ አተላ መሆኑን ያስረሳል።

ሆቴሉ በር ላይ ቀይ ጨርቅ ተወጥሮ መፈክር ተጽፎበታል። ዘበኛው ዶሮውን አየ፣ እኛን አየ። ሰው ጠራ። የመጣው የሴሚናሩ አስተባባሪ ነው፤ ካኪ የለበሰ፣ ከግርማ የማይበልጥ ወጣት። ጓድ አበራ ይሉታል።

«እማማ፣ ሆቴሉ በሴሚናር ተይዟል» አለ በትሕትና።

«እኔ አልጋ አልጠየቅሁህም። ልጄን ነው የጠየቅሁህ። ግርማን።»

«ግርማ ሥራ ላይ ነው። ከነገ ወዲያ ለበዓሉ ፈቃድ አለው።»

«ከነገ ወዲያ በዓል የለም። በዓሉ ነገ ነው።»

ጓድ አበራ ፈገግ አለ። «ገና በሃያ ዘጠኝ ነው እማማ።»

«ዘንድሮ ወንጌላዊው ማነው?»

ወደ ዘበኛው ዞረ።

«እሺ እሱን ተወው። አምና ጳጉሜ ስንት ነበረች?»

«አምስት…» ብሎ ጀመረና ቆመ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ በልቡ ይቆጥር ነበር። ጆሮው ቀላ። የሃይማኖት ቤት ልጅ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ፤ እንዲህ ያለ ድንጋጤ የሚደነግጠው የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

«ስድስት ነበረች ልጄ» አለች እናቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ዘበኛው መሬት መሬት ያያል። ጓድ አበራ ጉሮሮውን ጠረገ። «መርሐ ግብሩ በበላይ አካል የጸደቀ ነው። በመርሐ ግብሩ መሠረት ነገ የሥራ ቀን ነው።»

«እንግዲያው ክርስቶስ መርሐ ግብሩን ሳያይ ነው የተወለደው በላ!»

እኔ ነጠላዋን ጎተትኩ። ጓድ አበራ ግን አልተቆጣም፤ ግራና ቀኝ አየና «በሠራተኞች ሰፈር ማደር ትችላላችሁ። ሥራ እንዳታስተጓጉሉ» ብሎ ሄደ።

ግርማ ሲመጣ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ነበር። እናቱን አቅፎ ከመሬት አነሣትና «እማዬ፣ አብደሻል?» አላት። «ያበዱትስ እነሱ፤ ቀን የሚሰርቁ» አለችው። ማታ በጠባብ ክፍሉ ተቀምጠን ብዙ ነገረን። ነገ ገና መሆኑን ሴሚናሩ በሙሉ ያውቃል አለ። ሥጋ ሲያወጣላቸው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰሐን ሳይነካ ይመለሳል፤ አንዱ ጨጓራዬን ይላል፣ ሌላው ጥርሴን ይላል። ሁሉም ይጾማል፣ ሁሉም ይደበቃል፣ አንዱ ሌላውን ይፈራል። «እኔም ከእነሱ አልሻልም። ፈቃዱ በሃያ ዘጠኝ ነው ሲሉኝ እሺ ብዬ ዝም አልኩ» አለ።

እናቴ «አሁን መጥተንልሃል» አለችውና ተኛች።

ታኅሣሥ ሃያ ስምንት

ናዝሬት ቢሆን ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን እናድር ነበር። እዚያ አካባቢ ግን ቤተ ክርስቲያን አላገኘንም። እናቴ ሐይቁ ዳር ወጥታ ወደ ምሥራቅ ዞራ ቆማ ጸለየች፤ እኔም ከኋላዋ ቆሜ በብርድ ተንቀጠቀጥኩ።

ሲነጋጋ ግርማ ዶሮውን ባርኮ አረደልን። ለቁርስ ሥራ እየተጠራ ስለነበር ቸኩሎ «እማዬ፣ በዚሁ አንድ ጉርሻ ቅመሺና ጾምሽን ፍቺ። ቀኑን ሙሉ ላልወጣ እችላለሁ» አላት።

«እንደ ሌባ ቆሜ አልፈታም። ተቀምጠህ ነው።»

«ባልመጣስ?»

«ነገም እጾማለሁ።»

ግርማ እኔን አየኝ። እንደማትቀልድ ሁለታችንም እናውቃለን። ከትናንት ከቀትር ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም፤ ያን ሁሉ መንገድ ደግሞ መጥታለች። ሠራተኞቹ ሰፈር በከሰል ምድጃ ወጡን ስንሠራ ድካሟን አይቼ ማማሰያውን ተቀበልኳት። ሽታው ሲወጣ የሆቴሉ አትክልተኛ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ሌሎችም እያለፉ በሹክሹክታ «እንኳን አደረሳችሁ» ይሉናል፤ ለቅሶ ደራሽ ይመስሉ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ወጡ ደረሰ። እናቴ ማድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከምግብ አዳራሹ መስኮቶች ሥር ካለው ግራር ጥላ ምንጣፍ አስነጠፈችና አገልግሉን ከፍታ ተቀመጠች። ሌላ ቦታ አልመረጠችም። «እዚህ ሁሉም ያየናል እኮ» ብላት «ይዩና» አለችኝ።

ቆየን። ከንፈሯ ደረቀ። ውኃ ልስጥሽ ብላት ራሷን ነቀነቀች። የማድ ቤቱ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ አሳላፊዎች ናቸው የሚወጡት። በመጨረሻ ግርማ በሩ ላይ ቆመ። ምሳውን አውጥቶ ጨርሷል፤ ግን እንግዶቹ ሳይነሡ ከማድ ቤት መውጣት አይፈቀድለትም። እኛን ለጥቂት ጊዜ አየን። ከዚያ ነጭ ቆቡን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለው፣ እጁን ታጠበ፣ መጣና ከእናቴ ፊት ተቀመጠ።

እናቴ ጸሎት አድርሳ ቆረሰች። እንደ ልማዷ በታላቅ ጀምራ መጀመሪያ አጎረሰችኝ። ሁለተኛውን ጠቅልላ ወደ ግርማ ስትዘረጋ ከኋላችን የጫማ ድምፅ መጣ።

«ግርማ! እንግዶች አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው… ምንድነው ይሄ? ተነሥ!»

ጓድ አበራ ነው። ያቺን ቃል ባይላት ኖሮ ምናልባት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።  የግርማ ጉልበት ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሊነሣ ነው፤ እንደ ሰለሞን፣ ሳያስበው። እናቴ በግራ እጇ ጉልበቱን ተጫነችው። ጉርሻውን በቀኝ እጇ እንደዘረጋች ነበረች።

«ተነሥ ያልከው የእኔን ልጅ ነው?» አለችው ሳትዞር።

«እማማ፣ ሥራ ነው—»

«አንድ ልጄን በገና ቀን ከማዕዴ ላይ ተነሥ ብላችሁ ወስዳችሁብኛል። ጉርሻው እጁ ላይ ነበር። ሁለተኛ አላበድርም! ይህን ማስነሣት ከፈለግህ መጀመሪያ እኔን አንሣ።» አሁን ዞራ አየችው። «ና አንሣኝ!»

የአዳራሹ መስኮቶች ክፍት ነበሩ። የሹካና የማንኪያ ድምፅ ጠፋ። ጓድ አበራ ወደ መስኮቶቹ ቀና አለ፤ ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ያያል። ስንት ሰው መሆኑን አልቆጠርኩም። ፍርሃቴ ግን ትዝ ይለኛል፤ ሦስታችንንም ይወስዱናል፣ የስፌት መኪናዬን ማን ይሸፍናል ብዬ ነበር ያሰብኩት። ሰው ሲፈራ የሚያስበው እንዲህ ያለ ተራ ነገር ነው።

ከመስኮቶቹ በአንዱ ላይ አንድ ሽበታም ሰው ብድግ ሲል አየሁ። ከሴሚናሩ ተሳታፊዎች አንዱ ነው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና በሙሉ ድምፁ «እማማ፣ እንኳን አደረሰዎ!» አለ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለች እናቴ።

«እንኳን አደረሰዎ» አለች አንዲት ሴት ከወዲያኛው መስኮት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ጮክ ብለው አይደለም፤ ግን ከአዳራሹ ዳር እስከ ዳር እየተቀባበሉት ሄደ። እርስ በርስም «እንኳን አደረሰህ» «እንኳን አደረሰሽ» ሲባባሉ እንሰማ ነበር። ስንት ቀን ሙሉ ሲሸሻሸጉ ከርመው በአንድ ጊዜ ተገለጡ።

ጓድ አበራ ፊቱ ዓመድ መሰለ። አሳዘነኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ዛሬ ግን ትንሽ ያሳዝነኛል። እነዚያን ሁሉ ሊያስነሣ አይችልም፤ ለበላይ አካል ቢናገር ደግሞ በገና ቀን ሴሚናር የጠራ እሱ ነው። የቀረው ግርማ ብቻ ነበር።

«ከአሁን ሰዓት ጀምሮ ከሥራ ተሰናብተሃል» አለው። «ነገ ጠዋት ግቢውን ለቅቀህ ትወጣለህ።»

ግርማ ቀና ብሎ እናቴን አያት። እናቴ ጉርሻውን አፉ ውስጥ ከተተችለት።

«እንግዲህ ሥራ ፈት ሆነሃል» አለችው። «ሥራ ፈት ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። ብላ ልጄ።»

ሦስተኛውን ጉርሻ ጠቅልላ ራሷ ጎረሰችው። የማን ድርሻ እንደሆነ ጠይቀናት አናውቅም። እኔ ሳለቅስ ግርማ ይስቃል፤ እናቴ ሁለታችንንም ቅቤው ሳይረጋ ብሉ ብላ ተቆጣች። ወጡን ጠርገን በላነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ገና ቤታችን ውስጥ አክብሬአለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ ቤቴ ውስጥ ያለሁ የመሰለኝ ግን እዚያ ግራር ሥር፣ የሰው ግቢ ውስጥ ነው።

ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ

ጠዋት የግርማን ሻንጣና ባዶውን ድስት ይዘን ወደ በሩ ስንሄድ ግቢው ታርዶ በሚገፈፍ በግ፣ በሚደረደር ወንበር ተሞልቷል። በመርሐ ግብሩ መሠረት በዓሉ ያን ቀን ነው፤ ከአዲስ አበባ የበላይ አካላት ለምሳ ይመጣሉ ተብሎ ማታ በድንገት ተነግሯል። ዘበኛው በሩን እየከፈተልን ሳለ ጓድ አበራ ሮጦ ደረሰብን። ካኪውን ለውጦ ሱፍ ለብሷል። የትናንቱ ድምፅ አብሮት አልነበረም።

«ግርማ» አለ። «ትናንት… ነገሩ በስሜት ነው። አብሳዮቹ በፈቃድ ሄደዋል፤ የሚያበስል ሰው የለንም። ለዛሬ ብቻ እርዳን። ስለ በዓሉ ስትል። ዛሬ ገና ነው እኮ።»

እኔ ለግርማ ፈራሁለት። ሥራ በዚያን ጊዜ በቀላሉ አይገኝም ነበር፤ እሺ ቢል የሚመልሰው ይመስለኛል። እናቴ እንኳ ቃሉን ለእሱ ተወችለት። ግርማ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠና ሰውዬውን በደንብ አየው። ዓይኑ ውስጥ ቂም አላየሁበትም።

«ጓድ አበራ» አለው፣ «ዛሬ ተራ ቀን ነው። ገና ትናንት ነበር። እኛ አክብረን ጨርሰናል።»

ሻንጣውን አነሣና ቀድሞን ወጣ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተከተለችው፤ እኔም ድስቱን ይዤ ከኋላ። በሁለት ሰው ወረቀት ወጥተን ናዝሬት ስንገባ ሦስት ነበርን።